ዳኛውን ወደ ባሕሪ ልኮ ሕጉን ዐማራት ያስቀረው ሰው

ባሽሙሐንዲስ ሸምሱ ሞተ የሚል ወሬ በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁለቱን ያስወራው ራሱ ነው።

በመጀመሪያው ጊዜ የምንሠራበት ድርጅት የኮምፒውተር ሲስተም ወድቆ የቢሮው ሰው ሁሉ ሲራወጥ፣ እሱ ስልኩን ዘግቶ ለአጎቱ ልጅ «ከጠየቁህ ሞቷል በላቸው» ይለዋል። ያ ምስኪን የታዘዘውን ቃል በቃል አደረሰ። ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝተን፣ ሻሻችንን ተከናንበን አል-ሳሃፋ ከእህቱ ቤት ስንደርስ፣ ሟቹ ሽርጥ አገልድሞ ቬንትሌተር ሥር ተቀምጦ ሐብሐብ ይበላል። አላፈረም። ግቡ፣ ሐብሐቡ ማር ነው አለን። ስኳሩንም ተቀበለን። በሁለተኛው ጊዜ ሸምሱ የሞተው ሙዲሩ፣ ማለትም የድርጅቱ ባለቤት ኡስታዝ ሃሺም፣ የዓመቱን ሪፖርት በጠየቀው ማግስት ነው። ያን ጊዜ ግን ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።

ሦስተኛውን ባለፈው ወር እህቱ ራሷ ደውላ ነገረችኝ። ኢና ሊላሂ አልሁ፤ ቀጥሎም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። አልተቀየመችኝም። «እኔም በመጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር» አለችኝ እያለቀሰች።

የሞቱባችሁን በመልካም አንሡ ተብሏል፤ አውቃለሁ። ሐሜት እንዳይሆንብኝም ፈርቼ፣ ይህን ከመጻፌ በፊት ለራሴ ደንብ አወጣሁ፦ በሕይወት ሳለ ፊት ለፊቱ ያልነገርሁትን አንድም ነገር አልጽፍም። ደንቡ ብዙ አላጠበበኝም። በሰባት ዓመት ውስጥ ሳልነግረው የቀረሁት ጥቂት ነው።

ሸምሱ ኮምቦልቻ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ካርቱም የገባ ሰው ነበር። አማርኛውም በዚያው በአራት ዓመቱ ቀርቷል። ውሃ፣ ዳቦ፣ ተይ፣ አምጪ ላይ ይበረታል፤ ነገሩ ጠለቅ ሲል ዓረብኛ ይረከበዋል። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን እንደ አስተዳደጌ እርስዎ ስለው፣ ከኋላው ማን እንደገባ ለማየት ዘወር አለ። ከዚያ ወዲያ አንተ አልሁት። ባሽሙሐንዲስ የምትለዋን ማዕረግ ግን የነፈገው ሰው ወዮለት። ሱዳን ውስጥ መሐንዲስ የሆነ ሁሉ ይባላታል፤ እሱ ግን በስሙ ብቻ ከጠሩት አይሰማም። ፉል የሚሸጥልን ሰውዬ ይህን አውቆ፣ ዘይቱን ቆጠብ ያደረገ ቀን ማዕረጉን ሁለት ጊዜ ይጠራለት ነበር።

ችግር ሊነግረው የመጣን ሰው ገና ከበር ሲያየው «ማ ፊ ሙሽኪላ» ይላል፤ ምንም ችግር የለም ማለቱ ነው። ሰውዬው ችግሩን ተናግሮ ሲጨርስ «በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» ይላል። አልሄድ ካለው «ኸሊሃ»፣ ተዋት፣ ይለዋል። መጥፎ ወሬ ሲነገረው ዓይኑን የመጨፈን ልማድም ነበረው። ወሬው ሲያልቅ ይከፍታል። አንድ ቀን ንግግሬን መሐል ላይ አቁሜ እስኪከፍት ጠበቅሁት። አልከፈተም። ዙህር ሰግጄ ስመለስ ያንኮራፋል።

ሞኝ ግን አልነበረም። ጣቶቹ ኪቦርድ ላይ ሲሮጡ ለማየት ሌሎች ሥራቸውን ያቆሙ ነበር፤ ሦስት ሰው በሳምንት የሚጽፈውን እሱ በቀን ይጨርሳል። ጣጣው ከጨረሰ በኋላ ነው። የጻፈውን ሁለተኛ አያየውም። እንደ ዶሮ ነህ፣ ትጥላለህ፣ ትጮኻለህ፣ ትሄዳለህ ብዬዋለሁ። ዶሮ ከሌለ እንቁላል የለም ብሎ መለሰልኝ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል፤ ለነገሩ ያስፈልጋል። ከወረኢሉ መጥቼ ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እመቤቴ ከዓስር ሰላት በኋላ ኮሌጅ እንድማር ፈቀደችልኝ፤ አላህ ይክፈላት። ዓርብ ዓርብ ደግሞ የወሎ ሴቶች ለአገር ቤት የሚልኩትን ዕቃ የምጠቀልለው እኔ ነበርሁ። ተጓዥ ሲገኝ ሁሉም የያዘችውን ይዛ ትመጣለች። እኔ አጣጥፌ፣ ጠቅልዬ፣ አፉን በመርፌ ሰፍቼ፣ ዝርዝሩን ከላይ አስገባለሁ፤ የዝርዝሩን ፎቶ ለተቀባዩ በስልክ እልካለሁ። ወረኢሉ ላይ የሚፈታው ሰው ካርቱም ላይ የጠቀለለውን እጅ አያይም። የሚያየው ዝርዝሩን ነው። ዝርዝሩና ዕቃው ካልተስማሙ ሁለት ቤተሰብ ይኳረፋል፤ ሲኳረፍም አይቻለሁ።

ኮሌጁን ስጨርስ ሸምሱ ለሥራ ፈተነኝ። አንድ ገጽ ፕሮግራም ሰጥቶ በውስጡ ያለውን አንድ ስሕተት አውጪ አለኝ። አሥራ አንድ አወጣሁ። ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው ወደ ሙዲሩ ዞሮ፣ «ይህቺ ታደክመናለች፤ ቅጠራት» አለ።

ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን እየሞከርሁ ጥፋት መፈለግ ነበር፤ ፈታሽ እባላለሁ። ኢቃማዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በዚህ ሥራ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በየዓመቱ የክፍሉ ኃላፊ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሙዲሩ ማኅተም ይመታል፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ እሰለፋለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ሸምሱ ነው።

የድርጅታችን ሥራ የመድኃኒት ፍሪጆችን መጠበቅ ነበር። ካርቱም መብራት እንዳሻው የሚሄድባት ከተማ ናት፤ ኢንሱሊን ደግሞ ከስምንት ዲግሪ በላይ ሙቀት አይችልም። ሙቀት የመታው ኢንሱሊን አይሸትም፣ ከደህናው ጎን ቁጭ ይላል፣ መበላሸቱን የሚያውቀው የተወጋው በሽተኛ ነው። ስለዚህ በየፋርማሲው ፍሪጅ ክብሪት ሣጥን የምታህል መለኪያ አስቀመጥን፤ በየደቂቃው ሙቀቱን ትልካለች። ልኬቱ ሳያቋርጥ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። አንድ ኮምፒውተር ስለማይችለው ለሁለት ከፈልነው፦ ከዓባይ ወንዝ ወዲህ ያሉትን ፍሪጆች ዐማራት ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ያያል፤ ከድልድዩ ማዶ ያሉትን፣ ባሕሪ በሚባለው በኩል ያስቀመጥነው። ልኬቱን አይቶ ይህ ደህና ነው፣ ያ ሞቋል ብሎ የሚፈርደውን የፕሮግራሙን ክፍል ዳኛ እንለው ነበር። ደህና ሲሆን እኛ በቢሮ፣ ፋርማሲዎቹ በስልካቸው በሚያዩት ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ ይበራል፤ ሲሞቅ ቀይ።

ዳኛው የሚዘጋጀው ዐማራት ነው። ባሕሪ ሄዶ እንዲፈርድ ተጠቅልሎ በመስመር ይላካል፤ እዚያ ይፈታል። ባለሙያዎቹ ሲሪያላይዜሽን ይሉታል፤ እኔ ለአምስት ዓመት ዓርብ ዓርብ የሠራሁት ሥራ ስለሆነ ጥቅለላ እለዋለሁ። ቁጥር ይጠቀለላል፣ ስም ይጠቀለላል። ሁሉ ነገር ግን አይጠቀለልም። ሸምሱ ለዳኛው ያስያዘው የየፍሪጁን የሙቀት ወሰን ሳይሆን፣ ወሰኑ ከተጻፈበት የዐማራት መዝገብ ጋር የተያያዘ ክፍት መስመር ነበር። ክፍት መስመር አይታጠፍም። ኮምፒውተሩም ይህን መጠቅለል አልችልም ብሎ በቀይ ጻፈ።

ሸምሱ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው «ኸሊሃ» አለና፣ በዚያ መስመር ፊት ‘ይህን ሳትጠቀልል እለፈው’ የምትል አንዲት ቃል አስገባ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ዳኛው በሰላም ባሕሪ ደረሰ፤ ሕጉ ዐማራት ቀረ። እዚያ ደርሶ ሕጉን ሲፈልግ ያጣና ይወድቅ ጀመር። ሸምሱ ለዚህም መድኃኒት አላጣም፤ ‘ሕግ ካላገኘህ ዝም ብለህ አሳልፍ’ ብሎ ጨመረበት። ዳኛው መውደቁን ተወ። ባሕሪ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። ሸምሱም ያን ቀን ለቢሮው ሰው ሁሉ ፉል ጋበዘ። እኔም ሳላውቅ በልቻለሁ።

በኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል ማለቱ እንኳ ውሸት አልነበረም። እሱ ሲሞክረው ሁሉም ነገር አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ዕቃ የሚያዛውር ሰው ሻንጣ አይሰፋም።

የምኖረው ባሕሪ ነው። አንድ ሰሞን ሰፈራችን ሁለት ቀን ሙሉ መብራት አጣ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በድልድዩ መጨናነቅ ላይ ተጠብሼ ቢሮ ስገባ፣ ሰሌዳው ላይ ባሕሪ እንደ ክረምት መስክ ለምልሟል። ሸምሱን ጠየቅሁት። ጄኔሬተር አላቸው አለኝ። ሁሉም? አልሁ።

«ያ ሰዓዳ፣ አንቺ እኮ አላህንም ማስረጃ ትጠይቂያለሽ።»

«አላህ ማስረጃውን ሰጥቷል» አልሁት። «ያልሰጠኸው አንተ ነህ።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ሦስት በር አልፎ ፋርማሲ ያላት ዶክቶራ ሰልማ ዘንድ ገባሁ። ሱዳናዊት ናት፤ የሰፈሩ የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ መርፌውን የሚወስደው ከእሷ ነው። የጄኔሬተሯ ነዳጅ ከጠዋት ጀምሮ አልቆ ነበር። ኢንሱሊኑን በረዶ በሞላ ሣጥን ውስጥ አድርጋ በረዶውን ራሷ ትለዋውጣለች። «እናንተ ትደውላላችሁ ብዬ ጠበቅሁ» አለችኝ። «ፍሪጁ ውስጥ እጄን ከትቼ ሞቆኛል፤ የእናንተ ሰሌዳ ደህና ነው ይላል። እጄ የታመመ መስሎኝ ነበር።»

እሷ እጇን አመነች። ሰሌዳውን የሚያምነው ግን ማን እንደሆነ፣ ለማንስ ምን እንደሚሸጥ አላውቅም። ያን ቀን ኢሻዬን ስሰግድ ስንት ረከዓ እንደሆነ ጠፍቶብኝ ደግሜዋለሁ።

ፕሮግራሙን ከፍቼ ሁለቱን የሸምሱን ቃላት አገኘኋቸው። ለሸምሱ ሦስት ጊዜ ነገርሁት፤ ሦስቱንም ከነመልሱ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። ሦስቱንም ጊዜ ጨፈነ።

በዚያው ሳምንት ሲስተሙን ለፋርማሲዎቹ ማኅበር የምናስረክብበት ወረቀት መጣ። ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ የሠራው ሰውና የፈተሸው። ኢቃማዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሸምሱ ጠርቶኝ አንድ ማኅደር ከፊቴ ገለጠ። በአንድ በኩል የማስረከቢያው ወረቀት፣ ሲስተሙ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም በሚገባ ይሠራል የሚል። በሌላው በኩል የእኔ የድጋፍ ደብዳቤ፤ ከስሜ በቀር ባዶ።

«አንቺ ለእኔ ትፈርሚያለሽ፣ እኔ ላንቺ እጽፋለሁ» አለኝ። «ማ ፊ ሙሽኪላ።»

«ወላሂ ብዬ የማልምልበትን በእስክርቢቶ አልምልም» አልሁት።

«ኢቃማሽስ?»

«እሱን አላህ ያውቃል።»

 ያለ ኢቃማ መንገድ ላይ መያዝ ምን እንደሆነ የእኛ አገር ሴቶች እናውቀዋለን። ሸምሱም ያውቀዋል። ማኅደሩን ዘጋና፣ «እንግዲያው ሻንጣሽን ጠቅልዪ፤ ሙያሽ አይደል» ብሎ ሳቀ። ያቺን ሳቅ ቶሎ ይቅር አላልሁትም። ይህንንም ነግሬዋለሁ።

የማስረከቢያው ቀን የማኅበሩ ሰዎች መጡ። የእኔ ፊርማ ገና እንደጎደለ ሙዲሩ አያውቅም፤ ሸምሱ ትፈርማለች ብሎታል። ሸምሱ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ነጭ ጠምጥሞ፣ የሽቶው ጠረን ከእሱ ቀድሞ ገባ። ልጁን የሚድር ይመስል ነበር። ዐማራት ወዳለ አንድ ፋርማሲ ደውሎ ባዶ ፍሪጅ አስነቀለ። ሻይ ተጠጣ። ሰሌዳው ቀይ ሆነ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ሸምሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጭብጨባውን ተቀበለ።

ያን ጊዜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሙዲሩን፣ ባሕሪንም ብንሞክርስ አልሁት። ሸምሱ ቀድሞ ባሕሪም ያው ነው፣ ፕሮግራሙ አንድ ነው አለ። ከእንግዶቹ አንዱ ሸበቶ ግን ፋርማሲው ባሕሪ ነበርና ይሞከር አለ። ለዶክቶራ ሰልማ ደውዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ትንሿን ባዶ ፍሪጅ ነቅላ በሯን ከፍታ ተወችው። ሁለተኛ ሻይ መጣ። ሸምሱ ዝም ማለት ስላልቻለ ይህን ሲስተም ጅዳ ድረስ እንዴት እንደሚዘረጋው ይተርካል።

«አሥራ ሁለት ደርሷል» አለች ዶክቶራ በስልኩ። ሰሌዳው አረንጓዴ ነው። ሸምሱ ጅዳን ጨርሶ ወደ ዱባይ ተሻገረ። «አሥራ ስምንት» አለች። አረንጓዴ።

ሸምሱ ኔትዎርክ ነው አለ። ሸበቶው እንግዳ መነጽሩን አድርጎ ሰሌዳው ዘንድ ቀረበ። ከፋርማሲዋ ስም ጎን አሥራ ስምንት የሚለው ቁጥር ራሱ ተጽፏል፤ ከቁጥሩ ጎን አረንጓዴው ያበራል። ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ፣ ኔትዎርክ ከሆነ ይህ በምን ተሳፍሮ መጣ ብሎ ጠየቀው። ልኬቱ በደህና ደርሶ ነበር። የጠፋው ፈራጁ ነው።

ሸምሱ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በፊት ሲጨፍን ሰው ይተወው ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም እስኪከፍት ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ከፈተና በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ፈታሿ እሷ ናት። አልነገረችኝም።»

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የሰውን ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን ይሸፍንለታል፤ ይህንን ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬዋለሁ። ነገር ግን ነውሩን የመሸፈን ግዴታ ቢኖርብኝም፣ የሞቀ ፍሪጅ የመሸፈን ግዴታ የለብኝም። «ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ያልፈረምሁትም ለዚህ ነው» አልሁ። ደብተሩን ግን አላወጣሁም። ሙዲሩም አውጪው አላለኝም። ሸምሱን አይቶት፣ እስከ ሐሙስ ይስተካከል ብሎ እንግዶቹን ሸኘ።

ማስተካከሉ ለሁለታችን ወደቀ። ሸምሱ ግማሽ ቀን አላናገረኝም። ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ እሺ፣ ምን ይሁን ነው የምትዪው አለ።

«ለእናትህ ከነእሳቱ ምድጃ ልትልክ ብትፈልግ፣ ፍሙን ሻንጣ ውስጥ ትከተዋለህ?»

«እብድ ነኝ እንዴ።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

 ግድግዳውን ቆየት ብሎ አየው። «ምድጃውን እልካለሁ። እሳቱን እዚያው ይለኩሱት» አለ።

«እንግዲያው ክብሪቱን ላክ» አልሁት።

ወንበሩን አዙሮ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ የሚጠቀለለው ክፍቱ መስመር ሳይሆን የመዝገቡ ስምና አድራሻ ብቻ ሆነ፤ ዳኛው ባሕሪ ሲደርስ መስመሩን እዚያው ራሱ ይከፍታል። ሕጉን ካላገኘም እንዳያሳልፍ፣ ቢጫ መብራት አብርቶ አላውቅም እንዲል አልሁት። በዚህች ቢጫ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። አላውቅም የሚል ሲስተም ውርደት ነው አለኝ። አላውቅም ማለት የእውቀት ግማሽ ነው አልሁት። ያንቺን ግማሽ ያዢ፣ ሌላው ይበቃኛል አለ፤ ቢጫዋን ግን ጻፋት።

ረቡዕ ዕለት ሌላ ጉድ ወጣ። አዲሱ ዳኛ ያለፈው ሳምንት ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ጥቅል አልፈታም አለ፤ ዝርዝሩ ተለውጦበታል። ሸምሱ «ኸሊ» ሲል አፉን በዓይኔ ያዝሁት። የድሮውን ቋጠሮ በድሮው ዝርዝር፣ አዲሱን በአዲሱ እንዲፈታ ለየዝርዝሩ ቁጥር እንስጠው አልሁ። እኔ ዓርብ ዓርብ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ይህ የገረድ ዘዴ ነው አለኝ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ጽፎ ጨረሰው። እኔ በወር አልጽፈውም ነበር። ይህንንም ነግሬዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ዓይኑን አልጨፈነም።

ሐሙስ ዶክቶራ ሰልማ ፍሪጇን ነቀለች። ሁለተኛው ሻይ ሳይመጣ ሰሌዳው ቀይ ሆነ፤ ስልኳም ጮኸ። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ «እጄ ደህና ነው።»

የማስረከቢያውን ወረቀት ፈረምሁ። ኢቃማዬ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ሸምሱ ሙዲሩ ፊት ተቀምጦ ያቺን ባዶ ደብዳቤ አወጣና በእጁ ጻፈባት። ሲጨርስ ተነሥቶ፣ ንግግር እንደሚያደርግ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበልን።

«ሰዓዳ ትእዛዝ አትቀበልም። የነገሯትን አታምንም። ሰው በተደሰተበት ቀን ጥፋት ትፈልጋለች። መስማማት በሚያስፈልግበት ሥራ ላይ እንዳትመደብ እመክራለሁ።»

 ድጋፍ ብሎ የመባረሪያ ወረቀት ጻፈልኝ ብዬ፣ ወረኢሉ ምን ይዤ እንደምገባ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ኡስታዝ ሃሺም ወረቀቱን ተቀብሎ ድጋሚ አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ። ፈታሽ ማለት ይህቺ ናት አለ፤ ማኅተሙን እፍ ብሎ መታበት። የኢቃማው ቢሮ ሰውዬ ጽሑፉን ከነጭራሹ አላነበበውም፤ ማኅተሙን አይቶ አንድ ዓመት ጨመረልኝ።

ቂም ነበር ወይስ ሙዲሩ ምን እንደሚያደርግ አውቆ ነው? ከጊዜ በኋላ ጠየቅሁት። ማንበብ ትችዪ የለ፣ ምን ትጠይቂኛለሽ አለኝ።

ሸምሱ ከዚያ ወዲህ ኮሌጅ ያስተምር ጀመር። «እሳት አይጠቀለልም፤ ክብሪቱን ላክ» የምትለዋን የራሱ አድርጎ ለተማሪዎቹ ሁሉ ያድላታል ሲሉ ሰማሁ። ይህ የእኔ ቃል ነው አልሁት። አልካደም። «ያንቺ ነው። ግን እኔ ባልሳሳት ኖሮ ከየት ታመጪው ነበር?»

ጦርነቱ መጣና ቢሮውም፣ ሰሌዳውም፣ ፍሪጆቹም ሄዱ። ሰው ተበተነ፤ የተመለሰው ተመለሰ። የለቅሶው ቀን ከባሕሪ ተነሥቼ፣ ሁለት ሰዓት ተጉዤ አል-ሳሃፋ ደረስሁ። የእህቱ ቤት በሩ ተነቅሎ ተወስዷል፤ በበሩ ቦታ ምንጣፍ ተሰቅሏል። ሴቶቹ መካከል ስቀመጥ፣ የቀድሞ ተማሪው የነበረች አንዲት መሐንዲስ ባሽሙሐንዲስ ያስተማራትን እንዳትረሳ እድሜ ልኳን ይዛው እንደምትኖር እያለቀሰች ነገረችኝ። ያቺው የእኔዋ የእሳትና የክብሪት ቃል ናት። አላህ ይማረው አልሁ። ያቺን ቃል ሶደቃ አድርጌ ተውሁለት።

ሰው ቀለል ሲል እህቱ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ለሞተ ሰው የሚያውቁት ይመሰክሩለታል። አብረሽው ብዙ ዘመን ሠርተሻል፣ ወንድሜ ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ እውነቱን ተናገሪለት አለችኝ። ሐሰት እንደማልናገር ስለምታውቅ ትንሽ የፈራች ይመስለኛል። ሴቶቹም ወደ እኔ ዞሩ።

«የሠራውን ሥራ ሁለተኛ አያይም ነበር» አልሁ። «ጥፋቱን አምኖ አያውቅም። የሰው ቃል የራሱ ያደርግ ነበር። ኢቃማዬን የጻፈልኝ እሱ ነው።»